መርማሪው ማን ነው? («ኦሮማይ» በልብ አንጠልጣይነቱ ሲነበብ)

«ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ቅጽል በእኛ አገር ሂስ ውስጥ እምብዛም ክብር የለውም። አንድ ልቦለድ «ልብ ይሰቅላል» ሲባል ከኋላው «ነገር ግን» የሚል ቃል ተከትሎት መምጣቱ የተለመደ ነው። ልብ ይሰቅላል፣ ነገር ግን ጥልቀት የለውም፤ አንዴ ከያዙት አይለቅም፣ ነገር ግን ካስቀመጡት በኋላ አእምሮ ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለውም ይባላል። የሌባና የፖሊስ፣ የሰላይና የጸረ ሰላይ ታሪክ ለአውቶቡስ መንገድ ማሳጠሪያ፣ ለዘብ ሌሊት ማንጊያ እንዲሆን የተተወ ነው። ቁም ነገር ያለው ሥራ ግን ዝግ ብሎ መነበብ፣ አንባቢውንም በየገጹ ማስቆም አለበት የሚል እምነት አለ። በዚህ የተነሣ ፍጥነትና ቁም ነገር በአንድ ቤት የማይኖሩ ባላንጣዎች ሆነው ቆይተዋል።

በበኩሌ ለዚህ ዘውግ አዲስ ነኝ። ያደግኩባቸው ልቦለዶች የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ወገን የሆኑ፣ ሰውንና አገርን ጊዜ ወስደው የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት ናቸው። ሰላይ የሚታደንባቸው፣ ማን ገደለ ተብሎ የሚጠየቅባቸው መጻሕፍት ወደ እጄ ሳይገቡ የቆዩት በንቀት ሳይሆን እንዲያው በአጋጣሚ ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ አንድ አዲስ አንባቢ ዘውጉን በቀመሰበት ጊዜ ያስተዋለውን የሚናገር ነው። መቅመሻው መጽሐፍ ደግሞ ብዙ አንባብያን «ልብ አንጠልጣይ» ብለው ለመጥራት የሚያመነቱበት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው።

የሚያመነቱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለ «ኦሮማይ» ስናወራ የምናወራው ስለ ደራሲው መሰወር ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ መታገዱን፣ ደራሲው ከሥራ መባረሩን፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን እናነሣለን። መጽሐፉ በእንዲህ ያለ ሐዘን የተከበበ ነውና «አንብቤው ተደሰትኩ» ማለት ነውር ይመስላል። በ2017 ዓ.ም. በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታትሞ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ግን ለአዲሱ አንባቢ ከተዋወቀባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ልብ አንጠልጣይነቱ ነው። የውጭው አንባቢ ስለ ደራሲው ከማዘኑ በፊት በታሪኩ ይያዛል። እኔም መጽሐፉን በዚህ በኩል መግባት ያዋርደዋል ብዬ አላምንም።

ይህን ያልኩት ብቻዬን አንብቤ አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ ለሥራ ጉዳይ የሰነበትኩት አጋርፋ ነበር። አጋርፋ ከሮቤ የአንድ ሰዓት መንገድ የማትሞላ፣ በስንዴ ማሳ የተከበበች የባሌ ደጋ ከተማ ናት፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በገበሬዎች ማሠልጠኛዋ ያስታውሷታል። ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ ሲዘዋወሩ ይውላሉ፤ ማታ ማታ ብርዱ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ይከተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ መጽሐፍ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቀርም። «ኦሮማይ»ም ከአንድ መምህር ቤት ወጥቶ ወደ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ከእርሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ደግሞ ወደ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሲዞር ከረመ። ቀድሞ የጨረሰ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ያልጨረሱት ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ «አደራህን፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ!» ይባላል። ሠራተኛዋ መጽሐፉን ስትሰጠኝ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማታ እንዳትጀምረው፣ ጠዋት ሥራ አለህ።» ከዚህ የተሻለ ሙገሳ የሚጽፍ ሐያሲ ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ጉዳዩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች። አሥመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል ቆንጆ ያገኛል፤ ልቡ ወደ እርሷ ይሄዳል፤ እርሷ ግን የማን ወገን እንደሆነች አይታወቅም። የጸጥታው ሰው ኮሎኔል በትሩ ተሰማ በከተማው ውስጥ የተዘረጋውን የሻዕቢያ የስለላ መረብ ለመበጣጠስ ያድናል፤ ከሚታደኑትም ዋነኛው ሥዕላይ በራኺ ነው። ከከተማው ባሻገር ደግሞ ሠራዊቱ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ስሟን የሚያነሣት የናቅፋ ተራራ አለች። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የአጋርፋን ሻይ ቤት ሕግ እዚህም አከብራለሁ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ልብ ሰቀላ ማለት የሚሆነውን አለማወቅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ «ኦሮማይ» ልብ ባልሰቀለ ነበር፤ ናቅፋ በዚያ ዘመቻ አለመያዟን የዛሬ አንባቢ ሁሉ ያውቃልና። እዚህ ላይ የዘውጉን አንድ ስመ ጥር ሥራ ማንሣት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ፎርሳይዝ እ.ኤ.አ. በ1971 «ዘ ደይ ኦፍ ዘ ጃካል» የተባለውን ልቦለድ ሲያወጣ ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነበር። ደጎል ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በቤታቸው በሰላም አርፈዋል። እያንዳንዱ አንባቢ ጥይቱ እንደሚስት እያወቀ መጽሐፉን ጀመረ፤ ያም ሆኖ ማስቀመጥ አቃተው። ፎርሳይዝ የገባው ነገር ይህ ነው፦ አንባቢውን የሚጎትተው የመጨረሻው ውጤት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ፓስፖርቱ እንዴት ተገኘ? ጠብመንጃው በማን ተሠራ? መርማሪው ለበል አሁን ምን ያህል ቀርቦታል?

ፎርሳይዝ ልቦለድ ከመጻፉ በፊት ዘጋቢ ነበር። በዓሉም እንዲሁ ጋዜጠኛ ነው፤ ከ«መነን» መጽሔት እስከ «አዲስ ዘመን» የአዘጋጅነት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ኃላፊነት ላይ ሳለ በራሱ በዘመቻው ተሳትፎ አሥመራ ሰንብቷል። የሁለቱ ሰዎች ፍጥነት የዜና ክፍል ፍጥነት ነው። ዜና ጸሐፊ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ሳይመልስ ስለ ሰማዩ ቀለም አያወራም። በ«ኦሮማይ» ውስጥ ሰው ሲገባ ወዲያው ይናገራል፤ በንግግሩ እናውቀዋለን፤ ንግግሩም አጭር ነው። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሳይመልስ ሌላ ጥያቄ ይደቅናል። አንባቢው የሚሮጠው በጥያቄና በመልስ መካከል በተተወው ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው «እኔ» የሚለው ተራኪ ነው። ጸጋዬ ሁሉን አዋቂ አይደለም። የሚያውቀው ያየውንና የተነገረውን ብቻ ነው፤ የተነገረው ደግሞ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የሙያው ነገር ሲጨመርበት ነገሩ ይከራል፤ ሰውየው ራሱ ሌላው እንዲያምን የሚፈለገውን ነገር አቀነባብሮ የሚያቀርብ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። ሌሎችን ለማሳመን የተላከ ሰው ማንን ማመን እንዳለበት አያውቅም። በዚህ የተነሣ ከእርሱ ጋር የሚጠጣ፣ የሚጫወት፣ የሚስቅ ሰው ሁሉ ለአንባቢው ጥያቄ ይሆናል። ይህ ማን ነው? ለማን ነው የሚሠራው?

ሦስተኛው በእኔ ግምት ከሁሉም የረቀቀው ነው። ፍቅሩና ስለላው የሚሄዱት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ አፍቃሪ «እውነት ትወደኛለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ መርማሪ ደግሞ «እውነቷን ነው?» ይላል። በሌላ መጽሐፍ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሁለት ምዕራፍ ይከፈሉ ነበር። እዚህ ግን ጸጋዬ ፊያሜታን ባየ ቁጥር ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። የፊልም ሰው አልፍሬድ ሂችኮክ ለፍራንሷ ትሩፎ ሲያስረዳ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ተራ ነገር ሲጫወቱ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ መኖሩን ተመልካቹ ካወቀ ተራው ወሬ ሁሉ እንቅልፍ ይነሣል ብሎ ነበር። በ«ኦሮማይ» የፍቅር ጨዋታ ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለው፤ ልዩነቱ ቦምቡ ይኑር አይኑር እኛም እርግጠኛ አለመሆናችን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ዘውጉ ለአማርኛ እንግዳ ነው ማለቴ አይደለም፤ አዲሱ እኔ ነኝ። ማሞ ውድነህ በተከታታይ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ ታሪኮች ብዙ አንባቢ አፍርተዋል፤ ብዙ ሰው የመጻሕፍት ፍቅሩን የጀመረው በእነርሱ ነው። በኋላም የጄምስ ሀድሊ ቼዝና የሲድኒ ሼልደን ትርጉሞች በየመንገዱ ዳር ተዘርግተው ሲቸበቸቡ ኖረዋል። አንባቢው ዘውጉን ከሐያሲው ቀድሞ ያውቀዋል። እንዲያውም ከመጻሕፍቱም በፊት «ማነው ያደረገው?» የሚለው ጥያቄ በባህላችን ውስጥ የራሱ መድረክ ነበረው።

አፈርሳታን እናስታውስ። በቀድሞው ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቆይ ነበር፤ ሳይታወቅ ከቀረም ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ወንጀለኛ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ይመለከታል፤ ማንም ተነሥቶ መሄድ አይችልም። አጋታ ክሪስቲ እንግዶቿን በአንድ ቤት ቆልፋ መርማሪዋን የምታስገባበት ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በአፈርሳታ አንድ ብልህ መርማሪ አለመኖሩ ነው፤ መርማሪው ሕዝቡ ራሱ ነው።

በባሌና በአርሲ ኦሮሞዎች ዘንድ ደግሞ ጉማ አለ። ነፍስ ሲጠፋ ገዳዩና ወገኑ ድርጊቱን አምነው ሽማግሌ ይልካሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በሥርዓቱ እርድ ተፈጽሞ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። በጉማ ዋናው ጥያቄ «ማን ገደለ?» አይደለም፤ እርሱ ታውቋል። ጥያቄው «ከእንግዲህ አብረን እንዴት እንኑር?» የሚል ነው። የምዕራቡ የወንጀል ልቦለድ ብዙውን ጊዜ ወንጀለኛው ሲታወቅ ያበቃል፤ ጉማ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለወንጀል ምርመራ ልቦለድ ዐሥር ትእዛዛት አውጥቶ ነበር። ቀልድ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ይሁንና ዘውጉ የቆመበትን መሠረት ያሳያሉ። የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው ከታሪኩ መግቢያ ገደማ ጀምሮ የተጠቀሰ ሰው ይሁን ይላል። ሰባተኛው ደግሞ መርማሪው ራሱ ወንጀሉን የፈጸመ ሰው መሆን የለበትም ይላል። ሕጎቹ ሁሉ ሲጨመቁ አንድ ውል ናቸው። ደራሲው ለአንባቢው «ፍጠን፣ ተጨነቅ፣ ተጠራጠር፤ ግን አትፍራ። መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ሰው አለ፣ መልስም አለ» ይለዋል። አዲስ አንባቢ ሆኜ ያስተዋልኩት የዘውጉ ደስታ ምንጭ ይህ መተማመን ነው። ሕፃን ልጅ ወደ ላይ ሲወረወር የሚስቀው የሚቀበለው እጅ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

«ኦሮማይ» አንባቢውን ወደ ላይ ይወረውራል፤ እጁን ግን አይዘረጋም። ከውጭ ሲታይ የዘውጉ ዕቃ ሁሉ አለው፤ ሰላይ፣ አዳኝ፣ አጠራጣሪ ቆንጆ፣ ቀን የተቆረጠለት ዘመቻ። ነገር ግን ገጾቹ በገፉ ቁጥር ኮሎኔል በትሩ አንድ ሰላይ ቢይዝ ምን ይፈታል የሚለው ጥያቄ እየከበደ ይሄዳል። የተሰወረው ወንጀለኛ ሰው ሳይሆን አንድ ሐሳብ ነው፤ በአንድ ዘመቻ፣ በአንድ ፕሮፓጋንዳ፣ በአንድ ቁርጥ ቀን የብዙ ዓመት ጦርነት ይዘጋል የሚለው ሐሳብ። ይህ ሐሳብ፣ የኖክስ ትእዛዝ እንደሚለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ በግልጽ ተቀምጧል፤ ካርታ ተዘርግቶለት ስብሰባ ተጠርቶለታል። ከጣሊያንኛ የመጣው የመጽሐፉ ርእስ «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» የሚል ስሜት አለው። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ «ተፈታ» ብሎ ሲያበቃ ይህ «አከተመ» ብሎ ያበቃል።

እንግዲህ የክርክሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የ«ኦሮማይ» ቁም ነገር በፍጥነቱ ሥር የተደበቀ ሌላ ነገር አይደለም፤ በፍጥነቱ ውስጥ ያለ ነው። በዓሉ ያንኑ እውነት ዝግ ባለ ትካዜ ቢጽፈው ኖሮ አንባቢው ከዳር ቆሞ ባዘነ ነበር። በልብ ሰቀላ ስለጻፈው ግን አንባቢው ራሱ ይሳተፋል፤ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ያዙት!» እያለ ከአዳኞቹ ጋር ይሮጣል፤ ዘመቻው እንዲሳካ ልቡ ይከጅላል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን የሮጠው ወዴት እንደሆነ ያያል። ዘመቻው በሕዝቡ ላይ የሠራውን ነገር መጽሐፉ በአንባቢው ላይ ይሠራበታል። ይህን ዝግ ያለ መጽሐፍ ሊያደርገው አይችልም።

ሥራው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ፊያሜታ ብዙ ጊዜ የምትታየን በጸጋዬ ዐይን ብቻ ነው፤ ያም ዐይን ከውበቷ ላይ ለመነሣት ሲቸገር ይታያል። አጠራጣሪ ቆንጆ የዘውጉ የቆየ ቅርጽ ናት፤ በዓሉ ቅርጹን ወስዶ ሕይወት ቢዘራበትም ሙሉ በሙሉ አልሰበረውም። ሮማን ደግሞ ከዚህም የባሰ ዕጣ ደርሷታል፤ ሰው ከመሆን ይልቅ አዲስ አበባ ላይ የተተወ የኅሊና ወቀሳ ሆና ትቀራለች። የዘመቻው ስብሰባና ዕቅድ የሚተነተንባቸው ገጾችም ሩጫውን ያዘገያሉ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «እዚያ ጋ ዘለል ዘለል አድርጌዋለሁ» ብሎኛል። በእነዚህ ገጾች ግን ከእርሱ እለያለሁ። ስብሰባዎቹ አሰልቺ የሆኑት ደራሲው ስላቃተው አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው የሚያልቅበት ውሳኔ በእንዲህ ያለ አሰልቺ ቋንቋ እንደሚወሰን ማየት ራሱ ያስፈራል።

ከእነዚህ እንከኖች ይልቅ የከበደኝ ሌላ ተቃውሞ ነበር። በዙሩ መጨረሻ መጽሐፉ የደረሳቸው አንድ ሰው በወጣትነታቸው በናቅፋ ግንባር የተሰለፉ ናቸው። ስለ መጽሐፉ ስንጫወት፣

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንተ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያልክ ነው የምታነበው። እኔ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ገጹን መግለጥ ነው የሚያስፈራኝ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ጨረሱት?»

«ለምን እንደላኩን ይነግረኛል ብዬ ነዋ!»

«ነገረዎት?»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «የጻፈው ሰውም ያንኑ ሲጠይቅ ነበር» አሉኝ።

የእርሳቸው ንባብ የእኔን ደስታ የሚሽር ሊመስል ይችላል። ሰዎች የሞቱበትን ተራራ እንቅልፍ መንሻ አድርጎ ማንበብ ይገባል? ነገር ግን ሰውየው ራሳቸው መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨርሰውታል። እርሳቸውን የጎተታቸው ጥያቄና እኔን የጎተተኝ ጥያቄ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለታችንም መልስ ያለው ሰው ፍለጋ ገጽ ስንገልጥ ነበር። እኔ ማን ሰላይ እንደሆነ ለማወቅ ፈለግኩ፤ እርሳቸው ማን ተጠያቂ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ይህን የመጠየቅ ጉጉት ያነቃቃል። ጉጉቱን በተራ ሌባ ላይ የሚያውለው መጽሐፍ አለ፤ ወደ ሥልጣን የሚያዞረውም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ዋጋ ያስከፍላል።

የበዓሉ ዋጋ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ከታገደ በኋላ ሰው እየደበቀ፣ በውድ እየገዛ፣ እያባዛም አነበበው፤ ፍጥነቱ ሊያግዱት ከወጡት ሰዎች ቀድሞ ሄደ። ደራሲውን ግን ደረሱበት። በዚያ የየካቲት ምሽት ከወጣ በኋላ መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እርሱ አልተገኘም። በደርግ የጸጥታ ሰዎች እንደተወሰደ በሰፊው ይታመናል፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ለወንጀል ልቦለድ አዲስ የሆነ ሰው እንኳ የዚህን ታሪክ አከፋፈት ያውቀዋል፤ ባዶ መኪና፣ ጨለማ መንገድ፣ የጠፋ ሰው። በዘውጉ ሕግ ከዚህ ቀጥሎ መርማሪ ይመጣል።

በ1976 ዓ.ም. ግን የኖክስ ሰባተኛ ትእዛዝ ፈርሶ ነበር። የሚጠረጠረው መንግሥት ነው፤ መርማሪውም መንግሥት ነው። የበዓሉ ቤተሰብ ሄዶ «ሰው ጠፍቶብናል» ብሎ የሚያመለክትበት ቢሮ በዚያው በሚጠረጠረው እጅ ሥር ነበር። አፈርሳታ ይጠራ ቢባል ማን ይጠራዋል? ሕዝቡ ቢሰበሰብስ ማን አፉን ይከፍታል? መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ የሆነበት ታሪክ መፈቻ የለውም፤ ቄሱ ይህን የከለከለው ለጨዋታው ፍትሐዊነት ብሎ ነበር፤ በእኛ ላይ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ «ኦሮማይ»ም እንደገና ታትሞ በአደባባይ ተሸጠ፤ አሁን ባሕር ተሻግሮ በሌላ ቋንቋ ይነበባል። ይህ ለመጽሐፉ ድል ነው። ለሰውየው ግን ገና ጉማው አልተጀመረም። ጉማ እንዲጀመር አስቀድሞ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ከዚያ በፊት ካሳም እርቅም የለም። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ «እኔ ነኝ፤ የቀበርነውም እዚህ ነው» ብሎ ለቤተሰቡ አስከሬኑን ያስረከበ የለም። በዚህ ዘመን የሚኖር አንባቢ ሁሉ፣ አፈርሳታ ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ የዚህ ዝምታ ዕዳ በከፊል ይደርሰዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። በሐዘን ተጠፍሮ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ አያንብበው። እንደ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ይያዘው፤ ይሩጥ፤ ይጠርጥር፤ እንቅልፉን ይጣ፤ መጨረሻውን ቀድሞ አይግለጥ። በዓሉ የጻፈው እንዲህ እንዲነበብ ነው፤ ደስታውም ለአንባቢው የተሰጠ ስጦታ ነው። ሩጦ ሲጨርስ ግን ትንፋሹን እየሰበሰበ ዘውጉ ያስለመደውን ጥያቄ ይጠይቅ። ማን አደረገው? የት ነው ያለው? የሚያውቅ ሰው ለምን አይናገርም? ይህን ጥያቄ በልቦለድ ገጽ ላይ መጠየቅ የለመደ አንባቢ፣ አንድ ቀን ከገጹ ውጭም ሳይፈራ ይጠይቀው ይሆናል።